ስትሞቅ እምቢ የምትል ቮልስ

ጥቅምት 24፣ 1960፣ ቅዳሜ

ጠዋት ዳንግላ ወርጄ ክትባት ተረከብኩ። ክትባቱ የታሸገበት በረዶ እንዳይቀልጥ በፍጥነት ተመለስኩ። አዲስ ቅዳም ስደርስ የክሊኒካችን ማቀዝቀዣ የሚሠራበት ላምባ ማለቁ ትዝ አለኝ። ገበያው ዳር ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ላምባውን ገዛሁ፣ ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ። አስነሺው ሞተሪኖ ይዞራል። ሞተሩ አይነሳም። ደግሜ አዞርኩ... አይነሳም።

ገበያተኛው ተሰበሰበ። ሴት ስትነዳ ማየት ራሱ ትርኢት ነው፤ የሴት መኪና ሲቆም ደግሞ በዓል። አንዱ ውሃ ጠምቷት ነው አለ። ቮልስ ውሃ አትጠጣም፣ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው አልኩት። "እንግዲያው ነፋስ ጠምቷት ነው" አለ። ሌላው የፊቱን ክዳን አስከፈተኝ። ባዶ። "እመቤቴ፣ ሞተሩን ሰርቀውሻል እኮ!" ከኋላ መሆኑን ባሳየውም ያመነኝ አይመስለኝም።

ድንች ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ድንቹ ሲገባደድ ሞተሩም ቀዘቀዘ። ቁልፉን ባዞር ወዲያው ተነሳች። በረዶው ውሃ ሆኗል። ክትባቱን ምን ላድርገው?

ጥቅምት 25

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። እፍረት የላትም።

ጥቅምት 29

ዳንግላ፣ ጋሽ ኑርሁሴን ዘንድ ወሰድኳት። ከጣልያን ጊዜ ጀምረው መኪና ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስደርስ ሞተሩ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ምሳ ሊቀርቡ ነው። "መጀመሪያ እንብላ ሲስተር። መኪና አይርበውም።" ባለቤታቸው ሀሊሜ፣ ሥጋችን ስለማይገናኝ፣ ለእኔ ለብቻ ሽሮ ሠራችልኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ከምሳ በኋላ ሻይ። ከሻይ በኋላ የልጃቸው ሠርግ ወሬ... ከዚያ ወጥተው ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች።

"ደህና ናት።"

"ደህና አይደለችም ጋሽ ኑርሁሴን። ስትሞቅ ነው።"

"እኔ የማየው ደህና መሆኗን ነው።"

ባዶ እጄን እንዳልመለስ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥተው በሽቦ ብሩሽ አጸዱልኝ። በመመለሻዬ ለሙከራ አጠፋኋት። እምቢ።

እንዲህ ያለ በሽተኛ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሲያቃስት ያድርና ነርስ ሲያይ ይድናል።

ኅዳር 4

አለቃዬ አቶ ነጋ ከዳንግላ መጡ። መድኃኒት ቤቱን አዩ፣ ሽንት ቤቱን አዩ፣ ቮልሷን አዩ። አገሩ የገባ ፈረንጅ ሐኪም ትቷት የሄደች ናት። ሹፌራችን ውዱ ወደ ቡሬ ከተቀየረ ወዲህ ነርስም ሹፌርም እኔው ነኝ፤ መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። አቶ ነጋ ይህ ነገር ጥሟቸው አያውቅም።

"ሲስተር ወርቅአየሁ፣ መኪናዋ አትሠራም አሉ።"

"ትሠራለች። ሞቃ ስትጠፋ ብቻ ነው አልነሳም የምትለው።"

"መኪና የሚሠራ ሞቆ አይደለም እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። እስከ ገና ካልተሻላት ዳንግላ ትግባ፣ ሹፌር ያለው መሥሪያ ቤት ይጠቀምባት አሉ። ያለ እሷ አዘና ያሉ በሽተኞቼ ዘንድ እንዴት እደርሳለሁ? ጥሊሊስ? ዘበኛችን ጋሽ ቢሻው እሳቸውን ከሸኘ በኋላ፣ "መቼም ሰውየው የሚሄዱት ሞቀው ነው፤ ተመልሰው ባይነሱ..." አለ። ዝም በል አልኩት። ግን ሳቅኩ።

ኅዳር 7

ብልሃት ተገኘ። ቁልቁለት ላይ ማቆም። ፍሬን መልቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ... ብዙ ጊዜ ትነሳለች። ሁልጊዜ አይደለም።

አሁን አገሩን በቁልቁለቱ ነው የማውቀው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጥሩ ነው። የቀርከሃ አጥሩ ጋ ያለው አጭር ነው፤ ታች ላሞች ካሉ አይሆንም። ሜዳ ላይ የሚኖሩ በሽተኞችን ሞተሩን ሳላጠፋ ነው የማየው። አንዷ ምላሷን በመስኮት አሳየችኝ። ሜዳ ላይ መታመም ጥሩ አይደለም።

ኅዳር 10

ቤንዚኑ በሙቀት እየተነነ ይሆን? ውዱ አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎኝ ነበር። ከጥሊሊ ስመለስ ግቢ ውስጥ አጠፋኋት፤ እምቢ አለች። ጋሽ ቢሻው እርጥብ ጨርቅ ያምጣ አልኩ። ፈልጎ አመጣ፤ የቤንዚን ፖምፓው ላይ ጣልኩት። ተነሳች! እጁን ጨበጥኩት። ለአቶ ነጋ የምነግራቸውን እያዘጋጀሁ ተኛሁ።

ኅዳር 11

ዛሬ ጨርቁን ቀድሜ አርጥቤ ይዤ ወጣሁ። ሞተሩ ሲሞቅ አጠፋሁ፣ ጨርቁን ጣልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። እምቢ። ትናንት እንግዲህ ጋሽ ቢሻው ጨርቅ ሲፈልግ ቀዝቅዛ ኖሯል። ያዳናት የሱ ዝግታ ነው።

ኅዳር 13

እንደገና ዳንግላ። እንደገና ምሳ፤ ዛሬ ምስር። ከምሳ በኋላ ተነሳች። ጋሽ ኑርሁሴን አዘኑልኝ መሰለኝ ቦቢናዋን ቀየሩት። እሳቱን የሚያጠነክረው እሱ ነው አሉ፤ ሲያረጅ ሙቀት አይችልም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አዲስ ቅዳም ላይ አጠፋኋት። ድንች ሻጯ ቦታ አስፍታ ጠበቀችኝ።

ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። እህል አልቀመስኩም፤ ቢሆንም የደከመኝ ከዚያ አይደለም።

አስማረ የሚባል ገበሬ ትናንት መንገድ ላይ አስቁሞኝ ነበር። ሚስቱ የሻረግ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል። ዛሬ ሄድኩ። ቤታቸው ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ነው፤ ሜዳ ላይ። ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ። ሞተሩን ሳላጠፋ ገባሁ።

ፊቷም አብጧል። "ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይለኛል" አለችኝ። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ በጣም ከፍ ብሏል... ሁለተኛ ለካሁ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ሽንቷን በስፒሪት መብራቴ ላይ አፈላሁት፤ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጣ። ባሕር ዳር ሆስፒታል መሄድ አለባት። ዛሬ።

የባሏ እናት እማማ በቀለች በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ። በአገውኛ ነው የመለሱልኝ፤ እኔም ጥሊሊ ያደግኩ ነኝ፣ በዚያው ቀጠልን።

"ከዚህ ቤት ማንም በመኪና አይሄድም።"

"እማማ፣ ካልሄደች ያንቀጠቅጣታል። ልትሞትብን ትችላለች።"

"አንቺ ልጅ፣ መኪናሽ ደጅ ላይ ይጮኻል። ሞተሩን ሳያጠፋ የገባ ሰው ምን ወሬ ይወራለታል? ሂጂ ጥሪሽን ስሚ።"

ወጥቼ አጠፋሁት። ሜዳ ላይ መሆኑን እያወቅሁ። ሌላ ምን አደርግ ነበር?

ገብቼ ተቀመጥኩ። ያንን የነጣ ሽንት አሳየኋቸው፤ ይህ ከደሟ ውስጥ የሚወጣ ነው አልኳቸው። አዩት። አስማረ ጋቢውን አነሳ። በመጨረሻ እማማ በቀለች፣ "ትሂድ እንግዲህ" አሉ። የሻረግን ደግፈን አወጣን፣ አስቀመጥናት። ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሪኖው ይዞራል።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ገፋ። ሜዳው ረግረግ ነው፣ ጎማው ይሰምጣል። እማማ በቀለች ትንሽ አይተው ምራታቸውን ከመኪናው አወጡ። "እግዜር ያለው ይኸው። አይታችኋል" አሉ። ይዘዋት ገቡ።

አመሻሽ ላይ ቀዝቅዛ ተነሳች። በሩ ግን ተዘግቷል።

ኅዳር 19

መኪናዋን ላያት አልፈለግሁም። የጋሽ ቢሻውን ፈረስ ተዋስኩ። ልጅ ሳለሁ ፈረስ ላይ ነው ያደግሁት፤ ወገቤ ግን ረስቶታል። የሻረግ ያው ናት። ጨለማ ክፍል ውስጥ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ጨው ይቅርባት አልኩ። እማማ በቀለች አላናገሩኝም። ለፈረሱ ግን ውሃ ሰጡት።

ኅዳር 22

ዛሬም በፈረስ። ግፊቷ ትንሽ ጨምሯል። ኮርቻውን አውርጄ ፈረሱን ሣር ላይ ለቀቅሁት፤ ቶሎ የምሄድ አለመሆኔን እማማ በቀለች አዩ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ዋጋዬ። ምጥ ጠንቶባት በጭነት መኪና ወደ ዳንግላ ሲወስዷት፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። እዚያው ሞተች።

"ከማን ጋር ነበረች?" አልኩ።

"ከወንዶቹ ጋር። እኔን ቦታ የለም ብለው አልጫኑኝም። እጇን የያዘ ሰው የለም።"

እኔ መኪና መፍራታቸው መስሎኝ ነበር...

"እርስዎም ይመጣሉ" አልኳቸው። "ፊት ወንበር ላይ። የሻረግ ከኋላ ትተኛለች፣ እጅዎን ወደ ኋላ ዘርግተው ይይዟታል።"

አሰቡ። ከዚያ ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፦

"መኪናሽ መንገድ ላይ አትቆምም?"

አትቆምም ብዬ መማል አቃተኝ። ነገ አሠርቻት ሰኞ እመጣለሁ አልኩ። ከተሠራች አልኩ።

ኅዳር 23፣ እሁድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ዳንግላ። በመንገድ ላይ አንድም ቦታ አልቆምኩም። ስደርስ ሞተሩ እጅ አያስነካም። ጋሽ ኑርሁሴን በር ላይ ተቀምጠዋል። ምሳ የለም፣ ሻይ የለም። ረመዳን ዛሬ ገባ። እኔም ጾመ ነቢያትን ጿሚ ነኝ። ሁለት ጾመኞች ተያየን።

"በይ አጥፊና አስነሺ" አሉኝ፤ የሚሠሩት ሌላ ነገር ስለሌለ ይመስለኛል።

አጠፋሁ። ቁልፉን አዞርኩ። እምቢ።

ፊታቸው በራ። "አልዋሸሽም ለካ!"

"ውሸታም ናት ብለው ኖሯል ምሳ ሲያበሉኝ የቆዩት?"

"ምሳው ነው እኮ የሸፈነብኝ! እኛ ስንበላ እሷ ትቀዘቅዛለች። ነይ፣ ሳትድን ቶሎ በይ።"

አንዱን ካንዴላ ፈተው ከሽቦው ጋር የሞተሩ ብረት ላይ አስጠጉት። እኔ ቁልፉን አዞርኩ። ነጠላዬን ጣል አድርገው ጥላ ሠርተው አዩ። ጠርተው አሳዩኝ፤ እሳቱ ቀጭን ነው፣ ቢጫ፣ ይጠፋል ይመጣል። "ቤንዚኑ አይደለም። እሳቱ ነው። ሽቦው ደህና፣ ቦቢናው አዲስ... የቀረችው ይቺ ናት።" እሳት የሚያከፋፍለው እቃ ጎን ላይ የተለጠፈች፣ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ። ኮንደንሳቶር ትባላለች። ስትቀዘቅዝ ሥራዋን ትሠራለች፤ ስትሞቅ እሳቱን ታፈሳለች። ከውጭ ምንም አይታይባትም። በሽታውን ይዛ እንደ ጤነኛ የምትቀመጥ።

ግቢያቸው ውስጥ ከሚዝግ አሮጌ መኪና ሌላ ነቅለው ገጠሙ። ሞተሩ አሁንም ትኩስ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። ካንዴላው ላይ እሳቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠጥ ጠጥ ሲል ይሰማል። ካንዴላውን መልሰው አሰሩት። ተነሳች።

አጠፋሁ። አስነሳሁ። አጠፋሁ። አስነሳሁ። ሀሊሜ ድምፁን ሰምታ ወጣች። "ምን ሆናችሁ?" "ስትሞቅም ትነሳለች!" አሏት ባሏ። "ድሮስ መኪና ምን ያደርጋል?" ብላ ተመለሰች።

ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ፈራሁ። ነገ እምቢ ብትልስ?

ኅዳር 24

ጠዋት ሜዳው ላይ ደረስኩ። እማማ በቀለች አዲስ ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ናቸው። የሻረግን ከኋላ አስተኛናት። አስማረ ቦታ የለውም፤ አውቶቡስ ጠብቄ እመጣለሁ አለ። እማማ ፊት ተቀመጡ፤ አንድ እጃቸው ወደ ኋላ፣ የምራታቸው እጅ ላይ። ሌላው የበሩ እጀታ ላይ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች፤ ይህ ምንም አይደለም፣ ቀዝቃዛ ነበረች።

ዳንግላ ላይ ቤንዚን መቅዳት ግድ ነበር። ባለ ሱቁ ዓብዱልሀሚድ ከበርሜል በእጅ ፖምፓ እየሳበ ነው የሚሸጠው።

"ሞተሩን አጥፊ።"

"ይቅር ዓብዱልሀሚድ፣ እንዲሁ ቅዳልኝ።"

"ሲስተር፣ እኔ መቃጠል አልፈልግም።"

አጠፋሁ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "ለምን ጠፋ?" "ቤንዚን ልትጠጣ ነው።" ከኋላ የሻረግ ዓይኗን ጨፍናለች። ዓብዱልሀሚድ ይስባል፣ ይስባል... ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ይቀዳል?

ክዳኑ ተዘጋ። ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች።

እማማ በቀለች የበሩን እጀታ ለቀቁ።

ኅዳር 27

እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። የሻረግን ሆስፒታል የገባች ዕለት ማታ አንድ ጊዜ አንቀጠቀጣት። ሐኪሞቹ አጠገቧ ነበሩ። ሜዳው ላይ ቢሆን ኖሮ... አልጽፈውም።

ዛሬ ወለደች። ሴት። ትንሽ ናት፣ ግን ድምፅ አላት። የሻረግ ነቅታ ውሃ ጠየቀች። እማማ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ነርሶቹ ሊያስወጧቸው ሞክረው ትተዋቸዋል። አስማረም ዛሬ ነው አውቶቡስ ያገኘው፤ ገብቶ ልጅቷን አየና ተመልሶ ወጣ። ግድግዳው ጀርባ ሲያለቅስ ሰማሁት። ሄጄ ቮልሷን አጠብኳት። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ነው።

ታኅሣሥ 10

አቶ ነጋ ሹፌር ይዘው መጡ።

"መኪናዋ ድናለች አሉ።"

"ድናለች።"

"ስትሞቅም ትነሳለች?"

"ትነሳለች።"

"እንግዲያው ዳንግላ ትፈለጋለች።"

ስትታመም ስለታመመች ልትሄድ ነበር። ስትድን ስለዳነች ሄደች። ለእናቶች ነው የምፈልጋት አልኩ፤ የሻረግን ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ በእውነት አዳመጡኝ። "ጎበዝ" አሉኝ። ቁልፉን ተቀበሉ። ያቺን ኮንደንሳቶር ነቅዬ ላስቀር አሰብኩ። ሹፌሩ ግቢው ውስጥ አጥፍቶ አስነሳትና አንገቱን ነቀነቀ። ጋሽ ቢሻው በሩን ከፈተላቸው፤ ቀስ ብሎ፣ የሚችለውን ያህል ቀስ ብሎ።

ታኅሣሥ 11

አለቀስኩ። ለቆርቆሮ።

ጥር 8

ስለ መኪናዋ መጻፍ ካቆምኩ ቆየሁ። በፈረስ እወጣለሁ፤ አዘና ድረስ አልደርስም። የማልደርስባቸውን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩን ልከፍት ስመጣ ደጃፉ ላይ ፈረሶች ታስረዋል። ጋሽ ቢሻው፣ "እንግዳ አለብዎት ሲስተር፤ ውጡ ብላቸው አልወጣም አሉኝ" አለ። እማማ በቀለች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለት እርጉዞች፤ አንዷ ማናለብሽ የምትባል ጎረቤታቸው፣ ሌላዋን አላውቃትም። አስማረ ፈረሶቹን ይዟል።

"የሻረግስ?"

"ታጠባለች። ልጅቷ ሆዳም ወጣች። እኒህን አምጥቻለሁ፤ ያንን የክንድ ነገር አድርጊላቸው።"

ማናለብሽ የግፊት መለኪያውን ስታይ ወደ በሩ ዞረች። እማማ በቀለች ቀሚሳቸውን እስከ ትከሻ ሰበሰቡና ክንዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። "መጀመሪያ እኔን ለኪኝ። እሷም ትየኝ።"

ለካኋቸው። ማናለብሽ ደህና ናት፤ ሌላዋም ደህና ናት። ከሁሉም ግፊቱ ከፍ ያለው የእማማ ነው። ጨው ይቀንሱ አልኳቸው። እምቢ አሉ። የሚቀጥለው ሰኞ ሌሎች ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ ሄዱ።